ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ለሆነው ሰውስ ማን አለው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ታሪክም አለበት፣ ሕግም አለበት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታገሱኝና አብረን እንየው።

ከውጫሌ ተነስታችሁ በውርጌሳ አድርጋችሁ ወደ መርሳና ወልድያ ስትሄዱ መንገዱ ዳር ሰው ወድቆ ብታገኙ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ ምንድነው? «ተርፏል ወይ?» ነው እንዳትሉኝ። «ማን ገጨው?» ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ማን አነሳው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ገጪውን ያስፈራዋል፣ ይሄ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ግን የሚያስፈራው ደጉን ሰው ነው። ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በመስኮት ያያል፣ «አላህ ይርዳህ»፣ «እግዜር ይሁንህ» ይልና ያልፋል። ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ! ሆስፒታል በር ላይ «አንተ ነህ የገጨኸው» ቢሉኝስ ብሎ ነው።

ይሄ ፍርሃት ከየት መጣ? የወሎ ሰው ደግነቱ በአገር የታወቀ አይደል እንዴ? እስቲ ወደ ኋላ ሄድ እንበል።

ድሮ አገር ውስጥ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አፈርሳታም ይሉታል። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ «አውጡ» ይባላል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የቀረ ይቀጣል። አስቡት፣ አዝመራ ሜዳ ላይ እያለ አገር ምድሩ ታግቶ ሲውል። ዘዴው የራሱ ጥበብ ነበረው፤ ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡን ራሱን መርማሪ ያደርገዋል። ነገር ግን አንድ ትምህርት በሰው ልብ ውስጥ ትቶ አልፏል፦ መጀመሪያ ያየ፣ መጀመሪያ የደረሰ፣ መጀመሪያ የተናገረ ሰው መጀመሪያ ይጠየቃል።

ሌባሻይም ነበር። አንድ ልጅ አእምሮን የሚያዞር መድኃኒት ይጠጣና በወገቡ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት የሌብነቱን ዕዳ ይከፍላል። እንግዲህ በአደባባይ፣ በሹም ፊት፣ ልጅን በመድኃኒት ማስከር የፍርድ ሥርዓት አካል ነበር ማለት ነው። ልጁ መድኃኒቱ በዝቶበት ቢጎዳ ማን ይጠየቃል ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። የሚፈለገው ጥፋተኛ ነበር። በኋላ መንግሥት አስቀረው፤ ጥሩ አደረገ።

ኮሶውንም አትርሱ። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡት የነበረው ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ሰው ይጎዳ ነበር፣ የሞተም አለ። የመድኃኒት ከመጠን ማለፍ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው። አዲሱ ነገር መመለሻው ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

በወሎ ደግሞ አበጋሮች አሉልን። ደም ሲፈስ መሀል ገብተው፣ ዱዓ አድርገው፣ ካሳ አስከፍለው፣ ደም የሚያደርቁ። ስንቱን መንደር ከመተላለቅ አድነዋል። በዚህ ባህል ሳያስብ የገደለም ሰው ቢሆን ካሳ ይከፍላል፣ ምክንያቱም የሟች ቤተሰብ ሐዘን «ሆን ብሎ አይደለም» በሚል ቃል አይደርቅም። ይሄ ትልቅ ሰብአዊነት ነው። ግን ጎን ለጎን ደግሞ ሬሳ አጠገብ የተገኘ ሰው ሁሉ «ደም ይነካኝ ይሆን?» ብሎ እንዲያስብ አድርጎታል።

አያችሁ? ፍርሃቱ የክፋት ልጅ አይደለም። የታሪክ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ቦታ እንሻገር። በ1851 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1859) ሰሜን ጣሊያን ሶልፌሪኖ ላይ ከባድ ጦርነት ተደረገ። በሺዎች የሚቆጠር ቁስለኛ ሜዳ ላይ ቀረ። አጠገቡ ያለችው የካስቲሊዮኔ ከተማ ሴቶች ወዳጅ ጠላት ሳይሉ ውሃ አጠጡ፣ ቁስል አሰሩ። ሄንሪ ዱናንት የሚባል የጄኔቫ ነጋዴ ይህን አይቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከዚያ ቀይ መስቀል ተወለደ፤ በ1856 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1864) የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ተፈረመ። በዚያ ስምምነት ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለ፤ ቁስለኛን የረዱ የአገሬው ነዋሪዎች ይከበራሉ፣ ነፃም ሆነው ይቆያሉ ይላል። ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ተራውን ሰው ነው! ውሃ ያጠጣችውን ሴትዮ!

ይሄ ነገር እኛ ቤትም መጥቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም፣ ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ነው። ወዲያው በኅዳር 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። ስለዚህ ለሚረዳ ሰው የሚሰጥ የሕግ ከለላ የሚባለው ነገር ለወሎ ሰው የውጭ አገር ወሬ አይደለም። ከለላው ሲጣስ መጀመሪያ ካዩት አንዱ ደሴ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1941 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1949) ስምምነቱ ታደሰ፤ ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም አጸደቀችው። አንቀጽ 18 ላይ ቁስለኛን ወይም ሕመምተኛን በመንከባከቡ ምክንያት ማንም ሰው እንደማይንገላታና እንደማይፈረድበት በግልጽ ተጽፏል። በቃ፣ ጥርት ያለ ነገር ነው። ይቺን ነገር በልባችሁ ያዟት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ወደ ራሳችን የወንጀል ሕግ እንምጣ። የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ፍትሐ ነገሥት። በ1949 ዓ.ም የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ያረቀቁት የጄኔቫው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። በዚያ ሕግ ውስጥ ትልቅ ነገር ገባ፦ በአደጋ ላይ ያለን ሰው እያየ ያልረዳ ይቀጣል። ይሄ በአውሮፓ አህጉር የሕግ ባህል የመጣ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ዘንድ በመሠረቱ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ ሰው ሲሰምጥ ቆመህ ብታይ፣ የተለየ ኃላፊነት ከሌለብህ በቀር፣ ሕጉ አይነካህም።

ግዴታው አሁን ባለን ሕግም አለ። በ1996 ዓ.ም ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 እንዲህ ነው ሐሳቡ፦ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው በቅርብና በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ሳያጋልጥ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሊረዳው ሲችል፣ ሆን ብሎ ያለ እርዳታ የተወ ሰው ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ወይም እንደ ሐኪም የሙያ ግዴታ ካለበት ደግሞ ይከብድበታል።

«በተዘዋዋሪ» የምትለዋን ልብ አላችሁ? ሐኪም ሁን አላለም። ስልክ ደውል፣ ሰው ጥራ፣ መኪና አስቁም፣ ይሄም መርዳት ነው።

እሺ፣ ሕጉ «እርዳ» አለን። ረድተን ነገሩ ቢበላሽስ? እዚህ ላይ ነው ክፍተቱ።

አንቀጽ 75 አለ፣ ስለ አስፈላጊነት የሚናገረው። የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት ከማይቀር ከባድ አደጋ ለማዳን፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የተደረገ ድርጊት አያስቀጣም ይላል። ጥሩ ነው። ግን ይህ አንቀጽ መቼ ነው የሚያድንህ? ከተከሰስክ በኋላ። ዳኛ ፊት ቆመህ፣ ቀጠሮ ተመላልሰህ፣ መኪናህ ፖሊስ ግቢ ቆሞ፣ ከዚያ በኋላ «እውነቱን ነው፣ ነፃ ነው» ትባላለህ። መከላከያ ነው እንጂ ከለላ አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መከላከያ ማለት ዝናብ ከመታህ በኋላ የሚሰጥህ ደረቅ ልብስ ነው፤ ከለላ ማለት ጃንጥላ ነው።

በሌላ በኩል አንቀጽ 535 አለ፤ ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ የሚሠራን ይቀጣል። ተገቢ ነው፣ ሐሰተኛ ሐኪም ስንቱን ጨርሶብናል። አንቀጽ 525 ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወርን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ወንጀል ያደርገዋል። አሁን እነዚህን አንድ ላይ አስቀምጡና አንድ ወጣት አስቡ። ጓደኛው ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ እየጠፋ ነው። ባይረዳው 575 አለ። እርዳታ ቢጠራ «እናንተ ምን ስትወስዱ ነበር?» ይባላል፣ 525 አለ። ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ በሩን ዘግቶ ይጠፋል። ጓደኛውም ይሞታል።

«ኧረ ይሄ የፈረንጅ ችግር ነው፣ ውርጌሳ ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ሦስት ነገር ላንሳ።

አንደኛ፣ የፀረ ተባይ መርዝ። ጤፍና ማሽላ በሚዘራበት፣ አትክልትና ፍራፍሬ በመስኖ በሚለማበት በሀብሩ ቆላ ይሄ ኬሚካል ሩቅ አይደለም። በአገራችን ሆስፒታሎች በመመረዝ ከሚመጡት ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ በሱ የተጎዱ ናቸው። መመለሻ አለው፣ አትሮፒን ይባላል፤ ሐኪም ቤት የሚሰጥ ነው። ወሳኙ ነገር ቶሎ መድረስ ነው። ግን ቤተሰብ «ፖሊስ ይመጣል፣ ስማችን ይጠፋል» ብሎ ወተት እያጠጣ፣ እያስመለሰ ሰዓት ያቃጥላል። ማስመለሱ ራሱ ይጎዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ፦ በሕጋችን ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ሰው በሙከራው አይቀጣም። አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ወደዚያ የገፋፋን ወይም የረዳን ነው። ስለዚህ የታመመውን ይዞ ለመሮጥ የሚያስፈራ ነገር የለም። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በውሃ እጠቡ፣ የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት። ውስጡ የተጨነቀ ሰው አጠገባችሁ ካለም አትፍረዱበት፤ አዋሩት፣ ብቻውን አትተውት።

ሁለተኛ፣ ጦርነቱ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ሰሜን ወሎ ያየውን እናንተ ታውቃላችሁ። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። መድኃኒት ጠፋ። በዚያን ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት ያለውን ክኒን ተካፈለ፤ መርፌ መውጋት የሚችል ወጋ፣ የማይችል ቁስል አጠበ። ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፣ የሚጠየቅም አልነበረም። አንቀጽ 75 የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። በ1965 ረሃብ ጊዜም ከዚሁ መንገድ ዳር ቆመው አውቶቡስ የሚያስቆሙ ርሃብተኞችን መጀመሪያ ያየው ተሳፋሪውና ሹፌሩ ነበር። መንግሥት ከመድረሱ በፊት ሁልጊዜ የሚደርሰው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ያለ ማዘዣ እየተወሰደ ወጣቱን እየጎዳ መሆኑን በከተማ ያለ ሁሉ ያውቃል። እሱም ከእነ ሞርፊን ወገን ነው። ደግሞ ስንቱ ልጃችን አሜሪካ ነው ያለው? ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ፣ ሲያትል። እዚያ አገር እ.ኤ.አ ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው በዕፅና በመድኃኒት ከመጠን ማለፍ ሞቷል።

መመለሻው ናሎክሶን ይባላል። እ.ኤ.አ በ1961 ነው የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው፣ በ1971 አሜሪካ ፈቀደችው። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሥራው ቀላል ነው፦ እነ ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል አንጎል ውስጥ ገብተው ትንፋሽን የሚያዘገዩበትን ቦታ እሱ ገፍቶ ይይዘዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰውየው ይተነፍሳል። ጉልበቱ ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ነቃ ብሎ መተው የለም፣ ሐኪም ቤት የግድ ነው። ሰውየው የወሰደው ሌላ ነገር ቢሆን ደግሞ ናሎክሶኑ ብዙም አይጎዳውም። ዛሬ በአፍንጫ የሚነፋ ሆኖ፣ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል።

መድኃኒቱ በ1971 ከተፈቀደ ታዲያ ለምን ሰው ሲሞት ኖረ? ሕጉ ነዋ! ያለ ሐኪም መስጠት ያስፈራል፣ 911 መደወል ያስፈራል። ቺካጎ ላይ በ1990ዎቹ በጎ ፈቃደኞች ሕጉን ሳይጠብቁ ማደል ጀመሩ። በ2001 ኒው ሜክሲኮ መድኃኒቱን ለሚሰጥ ሰው ከለላ አወጣች፤ በ2007 ደግሞ ደውሎ እርዳታ የጠራ ሰው በያዘው ዕፅ እንዳይከሰስ የመጀመሪያዋ ሆነች። ዋሽንግተን ስቴት በ2010፣ ዲሲ በ2013፣ ሚኒሶታ በ2014 ተከተሉ። ሕጉን «የደጉ ሳምራዊ ሕግ» ይሉታል፤ ወንጌል ላይ ካለው፣ መንገድ ዳር የወደቀውን አንስቶ ካሳከመው ሰው የተወሰደ ስም ነው።

የቨርጂኒያን በተለይ ተመልከቱልኝ። በ2015 ያወጡት ሕግ መከላከያ ብቻ ነበር፤ ትታሰራለህ፣ ትከሰሳለህ፣ ፍርድ ቤት ቀርበህ «እኔ እኮ የደወልኩት ለመርዳት ነው» ትላለህ። ልክ እንደኛው አንቀጽ 75። ሰው አሁንም መደወል ፈራ። በ2020 አሻሻሉት፦ መታሰርም መከሰስም የለም። በ2021 ደግሞ ናሎክሶን የሰጠውን፣ ደረት እየተጫነ ትንፋሽ የመለሰውን ሰው ጨመሩበት። በስድስት ዓመት ውስጥ ከደረቅ ልብስ ወደ ጃንጥላ ተሸጋገሩ ማለት ነው። (እዚያ ላላችሁ፦ ይሄ የስቴት ሕግ ነው፣ የፌዴራሉን የኢሚግሬሽን ጉዳይ በራሱ አይዘጋም። ዜግነት የሌላችሁ ኋላ ጠበቃ አማክሩ። መጀመሪያ ግን ደውሉ፤ ጠበቃ ሙት አያስነሳም።)

የአሜሪካው ሩቅ ነው ካላችሁ ሕንድን እዩ። እነሱም እንደኛ መንገድ ዳር የወደቀን ማንሳት ይፈሩ ነበር፣ በፖሊስና በሆስፒታል ምልልስ። እ.ኤ.አ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የረዳን ሰው የሚጠብቁ መመሪያዎችን የሕግ ኃይል ሰጣቸው፤ በ2019 በተሽከርካሪ አዋጃቸው ውስጥ ገባ። ያነሳ ሰው ስሙን ለመናገር አይገደድም። ቻይናም ናንጂንግ ላይ አንዲት አሮጊት ያነሳ ወጣት ራሱ ተከሶ እንዲከፍል ከተፈረደበት በኋላ ዓመታት ሙሉ «አታንሱ» የሚል ፍርሃት ነግሦ ነበር፤ በኋላ በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው በፈቃዱ ያዳነ ሰው በማዳኑ ለደረሰ ጉዳት አይጠየቅም ብለው ጻፉ።

አሁን ያቺን ልባችሁ ውስጥ ያዟት ያልኳችሁን አውጧት። የጄኔቫው አንቀጽ 18። አገራችን በ1962 ያጸደቀችው። በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ያነሳ ሰው አይነካም ተብሎ በግልጽ ተጽፎልናል። በሰላም ጊዜ፣ ውርጌሳ አስፋልት ላይ፣ ጠዋት ገበያ ሲሄድ የወደቀ ሰው ያነሳ ግን እንዲህ ጥርት ያለ አንቀጽ የለውም። «ባትረዳ እቀጣሃለሁ» የሚል አለው፣ «ብትረዳ አለሁልህ» የሚል ግን የለውም። ለጦርነት ቀን የጻፍነውን ለሰላም ቀን መጻፍ ያቅተናል?

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፣ ሦስት መስመር ነው። በቅን ልቦና የረዳ፣ በከባድ ቸልተኝነት እስካልጎዳ ድረስ አይጠየቅ። ታማሚ ያደረሰ ሰው ስሙንና ስልኩን ሰጥቶ ይሂድ፣ መኪናው አይያዝ። ዕፅም ሆነ መርዝ ወስዶ ለተጎዳ ሰው እርዳታ የጠራ በዚያው ምክንያት አይከሰስ። ሕግ እስኪወጣ ድረስም ዝም ብሎ መቀመጥ የለም፤ አበጋሮቻችን፣ ሸኾቻችን፣ ቄሶቻችን «ያነሳ ሰው ደም አይነካውም» ብለው አንድ ቀን በአደባባይ ቢናገሩ እኮ ከአዋጅ በላይ ይሰማሉ። እነሱ ደም ሲያደርቁ የኖሩ ናቸው፤ ይሄኛው ደም ከመፍሰሱ በፊት ማድረቅ ነው።

እስከዚያው ሰው ወድቆ ስታገኙ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሌላ ሰው ጥሩ፤ አወዳደቁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ምስክር ይሆናችኋል፤ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ሞክሩ፤ ካልተገኘ ያለውን መኪና አስቁሙ። ተሽከርካሪ ለገጨው ሰው ጤና ተቋማት አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸውም አስታውሷቸው።

የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ የተሳሳተ ወይም የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ። ነርሶችና ሐኪሞችም የምታዩትን ጻፉልን። ሹፌር ወንድም ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት፣ ማታ ያንብበው።

ቸር ይግጠመን።